የእትዬ ወለተሰንበት ጉድጓድ

ጠበቃ ወንድምአገኝ ሸሚዙን ከፌስታሉ አውጥቶ ወረወረው። ሸሚዙ የፋዮን ትከሻ መትቶ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ።

"አሽትቺው!" አለ።

"ምን ሆነ ጌታዬ?"

"አሽትቺው አልኩሽ እኮ! ዛሬ ጠዋት ችሎት ፊት ቆሜ፣ ዳኛው አፍንጫቸውን ይዘው 'ጠበቃው ከጋራዥ ነው የመጡት?' አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የራሴ ደንበኛ ሳይቀር ሳቀ!"

ፋዮ ሸሚዙን አነሣች። ማሽተት አላስፈለጋትም። ሽታውን ካወቀችው ሰነባብታለች። መጀመሪያ ከመንገዱ የሚመጣ መስሏት ነበር። ቀጥሎ ሳሙናውን ጠረጠረች። ሳሙናውን ለወጠች፣ ሽታው ግን አልለወጥ አለ። ደንበኞቿ ዝም ስላሉ እሷም ዝም አለች። አሁን ከልደታ ፍርድ ቤት ካባና ሸሚዝ ከሚያመጡላት ሰዎች ሁሉ ነገረኛው ፊቷ ቆሟል።

"ሳሙናው አይደለም፤ ውሃው ነው" አለች።

"ውሃ እንዴት ናፍታ ናፍታ ይሸታል? ልጅ ታታልያለሽ?"

"ይምጡ ላሳይዎት።"

ፋዮ የምትሠራው አብነት ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ በቀጭን መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው የእትዬ ወለተሰንበት ግቢ ነው። አንዷን ክፍል ተከራይታ ቀን ልብስ ትተኩስባታለች፣ ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ትተኛባታለች። ከጉደር መጥታ ብዙ ዓመት ሰው ቤት አገልግላለች። የራሷን ሥራ ለመክፈት የደፈረችው ግቢው ውስጥ ባለው ጉድጓድ ምክንያት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ፈረቃውም ይዘለላል። ጉድጓዱ ግን ደርቆ አያውቅም። ፋዮ የመጀመሪያ ትርፏን አጠራቅማ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተከለችበት። ከዚያ ወዲህ ገመድና ባልዲ ቀርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካኑን የሚሞላው በእሷ የውሃ ጎማ ነው።

ማብሪያውን ተጫነች። ፓምፑ አጓራ፣ ጎማው ተንፈራገጠ፣ ባልዲው ሞላ። ውሃው ለዓይን ንጹሕ ነበር። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን አጨማዶ ቀና አለ። ከዚያም ከጉድጓዱ ጀርባ የቆመውን ግንብ አየ። ከግንቡ ወዲያ መዶሻ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሞተር ይነሣል፣ አንድ ሰው የሌላውን እናት ይሰድባል።

"ምንድነው እዚያ?"

"ጋራዥ ነው።"

"የማን ይዞታ?"

"የእትዬ ወለተሰንበት ወንድም፣ የጋሽ ቃለሕይወት።"

ጠበቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "አከራይሽን ጥሪልኝ" አላት።

እትዬ ወለተሰንበትና ወንድማቸው የአባታቸውን ሰፊ ግቢ ለሁለት የተካፈሉት ተጣልተው ነው። ቤቱና ጉድጓዱ ለእሳቸው ደረሰ፣ የጓሮ አትክልቱ ቦታ ለወንድማቸው። ያ ቦታ ጎመንና ቆስጣ የሚበቅልበት፣ የኮክ ዛፍ የነበረበት ለስላሳ መሬት ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየጠጣ ጉድጓዱን የሚመግበው እሱ ነው ይባል ነበር። ጋሽ ቃለሕይወት ኮኩን አስቆርጠው፣ ጠጠር አስደፍተው፣ በድሉ ለሚባል መካኒክ አከራዩት። ግንቡም ያኔ ተሠራ። እህትና ወንድም ለልደታ ማርያም ንግሥ እንኳ አንድ ቅጥር ውስጥ ቆመው ፊት ይዟዟራሉ።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!" አሉ እትዬ ወለተሰንበት ነገሩን ሲሰሙ። ባልዲው ላይ አጎንብሰው አሸተቱና መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። "አባቴ በእጁ የቆፈረውን ጉድጓድ! ቧንቧው ሲጠፋ ይህን ሰፈር ያጠጣሁት እኔ አይደለሁም? አሁን በናፍታ ሊገድለኝ?"

"በጋራዡ ላይ ክስ እንመሠርታለን" አለ ወንድምአገኝ። "ግን በአፍንጫ አይሆንም፣ ውሃው መመርመር አለበት። ይቺ ደግሞ ምስክራችን ናት።"

እትዬ ወለተሰንበት ፋዮን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አይተዋት አያውቁም።

"ያ ጋራዥ ይዘጋ እንጂ፣ አስፋልት ዳር ያለችውን ሱቄን ለሌላ አላከራያትም፣ ላንቺ ነው የምሰጣት" አሉ።

ፋዮ ያቺን ሱቅ ስትመኛት ኖራለች። መንገደኛ የሚያያት፣ ባለ መስኮት ሱቅ ናት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገና ማንም ሳይልካት፣ ግንቡን ዞራ ጋራዡ ገባች።

በድሉ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ጫማውን በጫማዋ መታ አደረገችው።

"ውጣ! ዘይታችሁ ጉድጓዳችን ገብቷል።"

በድሉ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣና ተቀመጠ። "የምን ዘይት? የተቃጠለ ዘይት ለእኔ ንብረት ነው። በርሜል ሙሉ አጠራቅሜ እሸጠዋለሁ። መሬት ላይ የምደፋው አብጃለሁ?"

"ውሃው ናፍታ ናፍታ ይላል!"

"እንግዲህ አፍንጫሽን ለሐኪም አሳዪ።"

እሱ ይህን ሲል ከሠራተኞቹ አንዱ ዕቃ ሲያጥብበት የነበረውን ሳፋ አንሥቶ ወደ ግንቡ ሄደና ጥቁሩን ቤንዚን ሥሩ ላይ ደፋው። ጠጠሩ ፉት አድርጎ ጨረሰው። ከሳፋው የቀረ ነገር አልነበረም።

"ያስ? ያ ምንድነው?" አለች ፋዮ።

"እጣቢ ነዋ!"

"እጣቢው የት ነው የሚሄደው?"

"መሬት ይጠጣዋላ! የት ይሄዳል?" በድሉ ተነሣና ፊቷ ቆመ። "አንቺስ? ያንቺ እጣቢ የት ነው የሚሄደው? በረኪናሽ ግንቡን ዘሎ እዚህ ድረስ ይሸተኛል። አንቺ ሰማይ ላይ ነው የምትደፊው?"

"እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ! ከአንተ ጋር ታወዳድረኛለህ?"

"ሂጂ ከዚህ! እንጀራዬን ልትዘጊ የተላክሽ መሆንሽን ያጣሁት መሰለሽ? ለዚያች አሮጊት ንገሪያት፣ እኔ ከወንድሟ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር ውል የለኝም።"

ፋዮ እየተሳደበች ወጣች። ከጋራዡ በር እስከ ግቢዋ ድረስ ተሳደበች። እቤቷ ገብታ ልብስ ስትጨምቅ ግን የሚያናድዳት በድሉ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ጥያቄውም ያናድዳታል። የሳፋዋን እጣቢ አንሥታ፣ እንደ ልማዷ፣ ከክፍሏ ጀርባ ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። እሱም መሬት ነበር።

ውሃውን የመረመረላት ነገሪ የሚባል ደንበኛዋ ነው። የውሃ ጥራት የሚመረምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራል። በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ወሰደና በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፣ ግን እንደ ወትሮው ገብቶ አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆመ።

"ጥርጣሬሽ ልክ ነው። የነዳጅና የዘይት ዘር አለበት" አላት።

ፋዮ እጇን አጨበጨበች። "ይኸው! ይኸው! ምን አልኩ?"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሽንት ቤታችሁ የት ነው?"

በጣቷ አሳየችው። ነገሪ በዓይኑ ለካው። ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ነበር።

"ውሃው ውስጥ የዓይነ ምድር ጀርም አለ። ናይትሬት የሚባለው ደግሞ ከልክ አልፏል፤ እሱም የሚመጣው ከሽንት ቤት ነው። የሳሙና ኬሚካልም አለ። የልብስ እጣቢውን የምትደፊው የት ነው?"

ፋዮ ወደ ጓሮ ልትጠቁም እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው። ነገሪ ገባው።

"ፓምፑም ራሱ ያባብሰዋል። ድሮ በባልዲ ሲቀዳ ውሃው በዝግታ ነበር የሚመጣው። አሁን ፓምፑ ቀኑን ሙሉ በሳበ ቁጥር በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ይጎትታል። የሚጠጣው ሰው አለ?"

"እትዬ ወለተሰንበት ይጠጡታል። ጎረቤትም ይወስዳል፣ ቧንቧ ሲጠፋ።"

"ይቅርባቸው። ቢያፈሉት እንኳ ጀርሙ ይሞት ይሆናል እንጂ ሌላው በእሳት አይጠፋም። ለሕፃን ደግሞ በፍጹም!" እንዲህ ብሎ እጁን ዘረጋ። "ልብሴን ስጪኝ።"

"ገና አልታጠበም እኮ።"

"ለዚህ ነው ስጪኝ የምልሽ።"

የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሄደ።

ፋዮ በዚያው ሰዓት ግቢውን እንደ እንግዳ አየችው። እትዬ ወለተሰንበት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ባዶ ቦታ አላስቀሩም፤ ዶሮ ማርቢያው ክፍል ሆነ፣ እንጨት ቤቱ ክፍል ሆነ፣ ከአጥሩ ጋር የተለጠፉ የቆርቆሮ ክፍሎች ተደረደሩ። አንድ ቤተሰብ ይጠቀምበት የነበረው ሽንት ቤት ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው። መንገዱ ቀጭን ስለሆነ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና አይገባም። ስለዚህ ሲሞላ አፈር ይለብስና ጎኑ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ግቢው ከላይ ቤት፣ ከታች ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።

የሰማችውን ሁሉ ለእትዬ ወለተሰንበት ነገረቻቸው። ጠበቃውም ነበር። አሮጊቷ ስለ ነዳጁ ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ሲሰሙ ጨለመ።

"የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሰማሁት" አሉ።

"እትዬ፣ እባክዎ አይጠጡት። ለጎረቤትም..."

"እኔ በዚህ ውሃ ነው ያደግሁት! አባቴ የቆፈረውን ውሃ ሰገራ አለበት የምትዪ፣ ማን ነሽና?"

ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ጠረገ። "ፋዮ፣ ስሚኝ። ነገ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ትመጣለች። 'ዘይት አለበት?' ስትባዪ 'አለበት' ትያለሽ። አለቀ። ያልተጠየቀውን የሚመልስ ምስክር ባለጉዳዩን ይገድላል። ሽንት ቤት ካነሣሽ ዝም ብለው ግቢውን ነው የሚያሽጉት። ያን ጊዜ አንቺም መንገድ ላይ ነሽ።"

"ሱቋንም እንዳትረሺ" አሉ እትዬ ወለተሰንበት።

ፋዮ አልረሳችም። ሌሊቱን ሱቋን በዓይነ ኅሊናዋ ቀለም ቀባች፣ መስኮቷን ወለወለች። ለነገሩ አልዋሽም፣ ግማሹን እውነት ነው የምናገረው፤ ሌላውን ሌላ ሰው ይናገረው ብላ ለራሷ ነገረች።

በማግስቱ ባለሙያዋ መጣች። ረጅም ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ከሌላ ጭቅጭቅ በቀጥታ የመጣች የምትመስል ሴት ነበረች። በድሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ከኋላው፣ ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጋሽ ቃለሕይወት የአባታቸውን በር ዘልቀው ገቡ።

"ይህን በር የሚያስረግጥህ ነገር መጣ በመጨረሻ" አሉ እህታቸው።

"ለአንቺ አልመጣሁም፤ ለውሸትሽ ነው የመጣሁት።"

"ውሸት? ጎመን በሚበቅልበት ላይ ናፍታ የደፋኸው አንተ፣ ውሸታሟ እኔ?"

"የሰው መጋዘን አድርገሽው የለም እንዴ አንቺስ ግቢውን! የአባባ ግቢ እኮ ነው፣ ባቡር ጣቢያ አስመሰልሽው!"

"በቃ!" አለች ባለሙያዋ። "የእናንተን ጠብ ልሰማ አይደለም የመጣሁት። ፓምፑ የማን ነው?"

"የእኔ" አለች ፋዮ።

"ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?"

ጠበቃው ያስጠናት ጥያቄ ይህ አልነበረም። ፋዮ ወደ እሱ አየች። እሱ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፣ ቀጥዪ የሚል ይመስላል፣ ተጠንቀቂ የሚልም ይመስላል። በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና ጎረቤቷ ሳዲያ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ገባች። ልጇ መንታ ከወለደች ወዲህ ሁለቱን አራሶች የምታጥበው፣ ጡጦ የምታዘጋጅላቸው እሷ ናት። ሰው መሰብሰቡን ስታይ ጄሪካኗን ጎማው አጠገብ አስቀምጣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች።

"ምን አለበት?" ባለሙያዋ ደገመች።

"ዘይት አለበት፣ ከጋራዡ" አለች ፋዮ። ጠበቃው እፎይ አለ። እሷ ግን ዓይኗን ከጄሪካኑ ላይ ማንሣት አልቻለችም። "ሽንት ቤትም አለበት። ከዚህ ከኛ፣ ከላይ ካለው። የእኔም የልብስ እጣቢ አለበት። ሦስቱም አሉ። የመረመረው ሰው ነግሮኛል፣ ከፈለጋችሁ እሱን ጥሩት። ለሰው አይሆንም፣ ለሕፃን ደግሞ በፍጹም።"

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኸ።

"የእህቴ ጸበል!" ጋሽ ቃለሕይወት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እኔን ልትከስ ነበር እኮ! በገዛ ሰገራዋ!"

"ያንተንም ተናግራለች ጋሼ፤ አይሳቁ!" አለ በድሉ በቁጣ። ወደ ፋዮ ዞረ። "ጋራዡ ቢዘጋ እዚያ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንቺ ታበያቸዋለሽ?"

ወንድምአገኝ ጠጋ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ፣ "ካባዬንም፣ ሸሚዞቼንም፣ ዛሬውኑ አውጪልኝ። ሌሎቹም እንዲያወጡ እነግራቸዋለሁ" አላት።

ባለሙያዋ ጉድጓዱንም፣ የግንቡን ሥርም፣ የሽንት ቤቱን ዳርም አየች። ስትጨርስ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እናንተ ሥሩንም ጥሩንም አበላሽታችሁታል። ለቢሮ አሳውቃለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይቀዳ።" ይህን ተናግራ ሄደች። በር የሚዘጋ፣ ጉድጓድ የሚያሽግ ሰው ግን አብሯት አልነበረም።

እትዬ ወለተሰንበት ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቁ። ከዚያ መቋሚያቸውን ፋዮ ደረት ላይ ደቀኑ።

"ያጎረስኩሽን እጅ ነከስሽ። ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂ።"

"እሺ እትዬ።"

"እሺ ነው የምትዪኝ? አታለቅሺም እንኳ?"

ፋዮ አላለቀሰችም። በዚያ ቀን ማልቀስ ለእሳቸው ደስታ መስጠት መስሎ ታያት።

በማግስቱ ጠዋት የቧንቧው ፈረቃ ተዘለለ። ፋዮ በሯን ስትከፍት ጄሪካኖች ከጎማው እስከ ግቢው በር ተሰልፈዋል። እትዬ ወለተሰንበት ወንበር አስወጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ቅዱ! ውሃው የእኔ ነው፤ እኔ ፈቅጃለሁ። ይኸው እኔም እጠጣለሁ" አሉ ጣሳቸውን ከፍ አድርገው።

የፊተኛዋ ሳዲያ ነበረች።

"ማብሪያውን ተጫኚልን" አለች።

"ሳዲያ፣ ትናንት እዚሁ ቆመሽ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ። ቧንቧው የለም። ልጆቹ ከነሽንታቸው ነው ያደሩት። ውሃ ልትገዢልኝ ነው?"

"እነሱ ላይ ይህን ውሃ አታድርጊ።"

"ያ ምንድነው ታዲያ?" ሳዲያ በጣቷ ከፋዮ ጀርባ ወዳለው ሳፋ ጠቆመች። ፋዮ ትናንት ማታ የዘፈዘፈቻቸው፣ ባለቤቶቻቸው ገና ያልወሰዷቸው ልብሶች ነበሩ። "አንቺ ስታጥቢበት ንጹሕ ነው፣ እኛ ስንቀዳ ነው የሚመረዘው?"

"ለብቻዋ ልታደርገው ነው!" አለች ከኋላ አንዷ። "መጀመሪያ ባለቤቲቱን አዋረደች፣ አሁን ደግሞ እኛን!"

"ከየትም መጥታ!" አለች ሌላዋ።

ፋዮ ሳፋውን አየች። ሳዲያ ልክ ነበረች። ትናንት ያን ሁሉ ተናግራ፣ ማታ ያንኑ ውሃ ስባ ልብስ ዘፍዝፋለች። ዘፍዝፋም እጣቢውን ደፍታለች። በሴቶቹ መሃል አልፋ ወጣች። ከኋላዋ ሳቅ ተከተላት። ግንቡን ዞራ ጋራዡ ገባች።

በድሉ ሲያያት ፊቱን አጠቆረ። "ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"የቧንቧ መፍቻ አውሰኝ።"

"የማንን ልትሰብሪ?"

"የራሴን ነው የምፈታው።"

በድሉ ከዕቃዎቹ መሃል ትልቁን መፍቻ መዞ እግሯ ሥር ወረወረላት። "ዘይት አለበት። ደግሞ እንዳትከሺኝ" አላት።

ፋዮ መፍቻውን አንሥታ ተመለሰች። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቀለች። ቀጥላ ተንበርክካ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አስነከሰችው። ብሎኑ ዝጎ ነበር፤ በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። ሴቶቹ ምን እንደምትሠራ የገባቸው ቧንቧው ጮኾ ሲላቀቅ ነው።

"ማን ፈቀደልሽ!" እትዬ ወለተሰንበት ከወንበራቸው ሊነሡ ታገሉ። "ከግቢዬ ምንም አይወጣም!"

"ጉድጓዱ የእርስዎ ነው። ፓምፑ የእኔ ነው።"

"ገመድ አስመጣለሁ! በባልዲ እቀዳለሁ!"

"ያስመጡ እትዬ። እኔ ግን አልስብም።"

"ለራስሽስ? በምን ልትሠሪ ነው?" አለች ሳዲያ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንጂ ርኅራኄ አልነበረም።

"አላውቅም።"

ሳዲያ ባዶ ጄሪካኗን በእግሯ መታችው። ጄሪካኑ እየተንከባለለ ግንቡን ነካ። "አላህ ይይልሽ!" አለችና አንሥታው ወጣች። ሌሎቹ አልተከተሏትም፤ ገመድ ሊፈልጉ ወደየቤታቸው ተበተኑ፣ እየሄዱም ሰደቧት። ፋዮ ስድቡን እየሰማች የመጨረሻውን ብሎን ፈታችና ፓምፑን ከመቀመጫው ነቅላ ጭኗ ላይ አቀፈችው። ከባድ ነበር። በእጇ ስትነካው ቀዝቃዛ፣ ወዛም ነበር።

ሆዱ ውስጥ የቀረ ውሃ ይንቦጫረቅ ነበር። ባዶ ካልሆነ መሸከም አትችልም። አዘንብላ መሬቱ ላይ ልትገለብጠው ስትል እጇ ቆመ።

እትዬ ወለተሰንበት ከወንበራቸው ሆነው፣ "ምን ይገትርሻል? ድፊውና ሂጂልኝ!" ብለው ጮኹባት።

ፋዮ በእግሯ ባልዲ ስባ አመጣችና ፓምፑን ዘቅዝቃ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ፣ ባልዲው ውስጥ አንጠፈጠፈችው።